ቁልፍ ያዡ

የመንግሥት እርሻው ሰው ከተበተነ ወዲያ፣
ቁልፉን የሚረከብ ጠፋ ባለሙያ።
ከግድግዳዬ ላይ፣ ከሚስማሩ ጋራ
አብሮ ዛገ ብረት፣ አብሮ ዛገ ሥራ።

ቤቴ ጥቁር ውሃ፣ ከግንቡ ሥር ነበር፤
ከሚስቴ ካያሜ በእጅ ስንነጋገር፣
ውሃው እየጮኸ እኛ ስንጠቃቀስ
ሠላሳ አንድ ክረምት ሄደ ሳንተነፍስ።

ሰኔ ሲሆንማ፣
ጎርፉ ሲደፈርስ ከወንዶ ተራራ፣
ቢልጫው ሐይቁን ጥሎ ሽቅብ፣ በተራ በተራ
ይመጣል፣ ሆዱ በእንቁላል ተወጥሮ፤
ይዘላል፣ ግንቡን ይላተማል፣ ይወድቃል ተሰብሮ።
ደግሞ ይነሣል።
ደግሞ።

እኔስ ምን አደረግሁ? ጆንያ ይዤ ወረድሁና
ያለ መረብ ለቀምሁ፣ እንደ ረገፈ ቡና።
አሞራ ገደል ላይ ሥጋውን ቸረቸርሁ፣
አንጀቱን ለአባ ኮዳ፣ እንቁላሉን ለውሻ ወረወርሁ፣
በዚያው ብር ሦስት ልጅ ትምህርት ቤት አስገባሁ።
አልክድም።

ካቻምና ጥር ወር ላይ፣ በሎቤድ ተጭኖ
መጣ ኤክስካቫተር፣ ነጂው ልጅ እግር ሆኖ።
ቁልፉን በዘይት አሽቼ፣ በጨርቅ ጠርጌለት፣
"ይኸውልህ" ብዬ እጄን ዘረጋሁለት።
ሳቀ፤ ክፋት የለው። "አባባ፣ ለዚህ በር
ቁልፉ ይሄ ነው" አለ፤ የብረቱን ጥርስ ሲሰድር
የቤቴ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ።

ሦስት ቀን ቆረሰው። ከሲሚንቶው መሀል
የእግር ዱካ ወጣ፣ ጣቱ ይቆጠራል፤
እርጥብ ሳለ የረገጠው ማን ይሆን?
ግንበኛው? ወይስ ምሳ ያመጣች ልጁ?
ትንሽ ነበር።

ያን ሌት እንቅልፍ ራቀኝ፤ ጆሮዬ ጩኸቱን
እንደ ጠፋ ጥጃ ሲፈልገው አደረ።
ካያሜ ታንኮራፋለች ለካ!
ጠዋት "ደህና አደርሽ?" ብላት ደንግጣ
"ምነው ትጮሃለህ?" አለችኝ ተቆጥታ።

ያ ሰኔ ምንም የለም። ጭቃ፣ ጉቶ፣ ዝንብ።

ዘንድሮ ግን፣ ሌሊቱን ዘንቦ ሲያባራ፣
እስከ ጉልበቴ ገብቼ ስቆም ከደለሉ ጋራ፣
አንድ ቢልጫ መጣ። ጀርባው ከውሃ በላይ፣
ግንባሩ ላይ ቁስል አጣሁ ባይ ባይ።
በእግሮቼ መሀል ሾልኮ ሽቅብ ነጎደ፣
ወደ ጨለለቃ ሳሩን ገልጦ ሄደ።

ጎረቤቴ በራሶ ከማዶ ተጣራ፦
"ምነው ባዶ እጅህን? ጆንያህስ?"
"ቤት ረሳሁት" አልሁት።