ደንገጎ ዘንቧል

ሦስት ወር ሙሉ ደቻቱን በወረቀት ላይ አሰርኩት፣
ግራ ቀኙን ግንብ አልብሼ በሰማያዊ ቀባሁት፤
ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፣ እኔ ግን ውሃ ሞላሁት፣
አግዳሚ ወንበር ደረደርኩ፣ ጥላ በሌለበት።

ከዚያ በባጃጅ ወረድኩ፣ ጥቅልሌን አቅፌ፣
ወደ ደረቁ ወንዝ፣ ቀፊራን አልፌ።
ድልድዩ ሥር ዘረጋሁት። ነፋስ እንዳይነጥቀኝ
የሰፈሩ ሰው መጥቶ ጫፍ ጫፉን ያዘልኝ፦
ሙሚና ሽንኩርት ሻጯ፣ ሚዛኗን ሳታስቀምጥ፣
ሮብሌ አሸዋ ጫኙ፣ ከአካፋው ጋር ቁጢጥ፣
የባቡሩ ጡረተኛ፣ አቶ ወልደሩፋኤል፣
ኳሱን ረግጦ የቆመ፣ ረምዚ የሚሉት ልጅ።

«ይሄ ሰማያዊ ምንድን ነው?» አለች ሙሚና።
«ወንዙ ነው» ስላት ሳቀች፣ ሚዛኗ እስኪወዛወዝ።
«ወንዙማ ቡናማ ነው አቦ! የመጣ ቀን ቡናማ፣
ያልመጣ ቀን መንገድ ነው፣ ገበያ ነው ለከተማ።»

ሮብሌ ግንቡን በጣቱ መታ፦
«ውሃ ስታባርሪው አይጠፋም፤ ይቀይራል ቦታ።
ከኛ ደጅ የመለስሽው፣ ታች ሰፈር ያድራል ማታ።»

ሽማግሌው ዝም ብሎ፣ እጄን ይዞ ወሰደኝ
ከአንድ አሮጌ ግድግዳ፤ ጭረቱን አስነካኝ።
በምስማር የተጫረ፦ «ውሃው እዚህ ድረስ»።
«ለኔ ደረቴ ጋ ነው» አለ፣ ቀስ ብሎ ሲተነፍስ፤
«ልጄ ግን…» መዳፉን ከጭረቱ ሥር ዘረጋ፣
አንድ ስንዝር ዝቅ አድርጎ፣ አየር ላይ፣ ሳይጠጋ።
«ያን ሌሊት ሰማዩ ኮከብ በኮከብ። ድሬ ላይ ጠብታ አልወረደም።
የዘነበው ደንገጎ ነው። ማንም አልነገረንም።»

ወረቀቱን ገለበጥኩት። ጀርባው ነጭ ነበረ።
ሮብሌ በአካፋው ጫፍ አሸዋው ላይ አሰመረ፦
«እስከዚህ የሱ ነው፤ የሱን አንንካበት።
እንግዳ አይደለም፤ አባወራ ነው፣ አምሽቶ የሚገባ ቤት።»

«ሜዳችንስ?» አለ ረምዚ። ሜዳው ይቆይ፣ ዝቅ ይበል፤
ጎርፉ ሲመጣ ይተኛበት፣ ሲሄድ ኳሱ ይንከባለል።
«ጥላዬስ?» አለች ሙሚና።
«ከዚራ ዛፍ አለው፣ ሰዉ በጥላ ይሄዳል፤
እዚህ ጥላ የሚፈልግ ሌላ ሰው ጀርባ ይቆማል።»
ኒም አኖርንላት፣ ነጥብ በነጥብ፣
የድንጋይ ደረጃም፤ ባዘቦት ለሽንኩርቷ መደብ፣
ደንገጎ የዘነበ ቀን፣ መውጫ ነው ለቤተሰብ።

ስፋቱስ? ሜትሬን አጠፍኩት።
ሽማግሌውን ወንበር ላይ አስቀምጠው ሮብሌና ሙሚና ተሸከሙት፤
ክርናቸው ሳይጋጭ ያለፉበትን፣ እሱን ስፋት አልኩት።
እሱ ከላይ እንደ ባቡር አፏጨ፤ ልጆች ተከተሉት።

የሙሚና እህት ልጅ፣ ኢፍቱ፣ ደንገጎ ላይ ሙዝ ትሸጣለች፤
ሰማዩ ሲጠቁርባት ስልኳን ታነሳለች።
ከካርታው ጠርዝ፣ ከሰሜን ቀስቱ አጠገብ፣ ቁጥሯን ጻፍኩ።
ቢሮው «ይህ ምን ምልክት ነው?» ሲለኝ፣ «ዋናው ነው» አልኩ።

ፏፏቴም ጠየቁኝ። ዝም አልኩ።
ከአርባው ደረጃ የተሠራው አሥራ ዘጠኝ ብቻ ነው፤
ከኒሙ እኩሌታውን ፍየል ነው የበላው።

ነሐሴ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ስልኩ ጮኸ፦ «ደንገጎ ዘንቧል።»
ሽንኩርቱ ከነጆንያው፣ ወንበሩ ከነሽማግሌው፣ ሽቅብ ወጥቷል።
ከዚያ መጣ። ቡናማ። እያገሳ፣ በሩን ሳያንኳኳ፣
ሜዳው ውስጥ ገብቶ በግቡ መሀል አለፈ።
«ጎል!» አለ ረምዚ።
ማንም አልሳቀም። ቆጠርን፤ ማንም አልጎደለብን።

በማግስቱ፣ አሸዋው ሳይደርቅ፣ ሽማግሌው ምስማር ጠየቀን።
ከሥር ሦስተኛው ደረጃ ላይ
«ውሃው እዚህ ድረስ» ብሎ ሊጽፍ
መንበርከክ ነበረበት።