አንቀጽ አራት

ማክሰኞ ማታ ነው። ከኦቪላ ሱቅ ጓዳ፣ በምስማሩ መሐል፣
ዘጠኝ ነጋዴዎች፣ በቀለም ባልዲ ላይ፣ ጉልበት ለጉልበት ተቀምጠናል።
እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ ስልክ መጠገኛዬን ዘግቼ መጥቼ
የሚሉትን እጽፋለሁ፣ የሚያስቡትን ትቼ።

ዶፊን፣ ማኒቶባ። ዋናው መንገድ ስሙ ብቻ ዋና፤
ከአሥራ ስድስቱ ሱቅ ሰባቱ ጨለማ፣
«ይከራያል» የሚል ወረቀት ጠማማ፣
ፀሐይ የላሰችው፣ ቁጥሩ የጠፋ።
ሰዉ ከከተማው ዳር፣ ከትልቁ መደብር ነው የሚሸምተው፤
እኛ ጋ ከቆመም፣ ቀዩ መብራት ይዞት ነው።

አንዱ «አማካሪ» አለ፣ አንዱ «ዓርማ ይሠራ»፣
አንዱ ስለ መኪና ማቆሚያ ሃያ ደቂቃ አወራ።
ካዝናችን ውስጥ ያለው አራት መቶ ስድሳ ዶላር፣
አማካሪ ቀርቶ ምሳውን አይችልም ነበር።

ያኔ ስላቭካ ተነሣች። ጫማ ሰፊ ናት፤ ሰባ አንድ ዓመቷ፣
ከሙጫ ብዛት እንደ ቆርቆሮ የደረቀ ሽርጧ።
«እኔ የማውቀው ጫማ ነው» አለች። «ሰው ጫማ የሚጥለው
ሶሉ ስላለቀ አይደለም፤ አፉን ሲከፍትበት ነው።
ባዶ መስኮትም አፍ ነው። ብርሃን አጉርሱት።»

ተጻፈ፦ አንቀጽ አራት።
በዚህ መንገድ የትኛውም ባዶ መስኮት
ከአመሻሹ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ አምፖል ይበራበት።
ስምንት እጅ ወጣ። አንድ ድምፀ ተአቅቦ፤
ፀጉር ቆራጩ ጎርድ፣ እንደ ልማዱ፣ ሚስቱን አስቦ።

ቁልፍ ልመናው ወር ፈጀ፤ ከአከራዮቹ አንዱ ካልጋሪ፣ አንዱ መቃብር፤
የቀሩት «ነገ» ሲሉን ገባ ኅዳር።
ሰባት አምፖል ሰቀልን።
በአንዱ መስኮት አሮጌ የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ፣
በአንዱ የሊጋያን እኅት የሠርግ ቀሚስ፣
በአንዱ ተማሪዎች ከካርቶን የቆረጧቸው ዓሦች፤
አንዱ ዓሣ ጥርስ ነበረው።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ከዜሮ በታች ሃያ ስድስት፤
በረዶ ብቻ መጣ፣ እሱም ምንም አልገዛ።
በሁለተኛው፣ አውቶቡስ ያመለጣት አንዲት ነርስ
ከዓሦቹ መስኮት ተጠጋች፣ ብርሃን ለመቅመስ፤
ሊጋያ በር ከፍታ ትኩስ ዳቦ አቀበለቻት።
በሦስተኛው ነርሷ ባሏን አመጣች፤ ባሏ እናቱን፤ እናቱ
ሃያ ዓመት የተኳረፈቻትን ጎረቤት።

በፀደይ፣ አበባ በግማሽ በርሜል በየደጁ አኖርን፤
ሁለት ተሰረቀ፤ አንዱ ተመለሰ፣ ከነይቅርታ ወረቀቱ።
በበጋው ቅዳሜ መንገዱን ለመኪና ዘጋን፤
ኦቪላ አኮርዲዮኑን ይዞ ወጣ፣ ከሚያውቃቸው ሁለት ዘፈኖች
አንዱን አሥራ አንድ ጊዜ ተጫወተ።

ከዚያ በር እየተከፈተ፣ አምፖል እየወረደ፤
መነጽር ቤት መጣ፣ ብስክሌት ቤት፣ ሻማ የሚሠሩ እኅትማማቾች።
በየወሩ እጽፋለሁ፦ «የአምፖል ወጪ ቀነሰ።»
ደስ የሚል ዐረፍተ ነገር ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ጻፍኩት።

የመንገዱ ስም ሲወጣ የግድግዳውም ዋጋ ወጣ።
የስላቭካ አከራይ ሰባት መቶውን አንድ ሺህ ስድስት መቶ አደረገው፤
በአንድ ገጽ ደብዳቤ፣ «እያደገ ባለው አካባቢያችን» ኩራቱን ገልጾ።
ለማንም አልነገረችም።
እኛም፣ እውነት ለመናገር፣ አልጠየቅናትም።

ያለፈው ማክሰኞ። ባልዲ የለም፤ ባለ መደገፊያ ወንበር።
የተገኙ፦ ሃያ ሁለት። ያልተገኙ፦ አንድ።
ኦቪላ «ድንቅ ዓመት ነበር» አለ። ተጨበጨበ።
«ተጨበጨበ» ብዬ ጻፍኩ።

በማግስቱ፣ ሲመሻሽ፣ መሰላሉን ተሸከምኩ።
በስላቭካ ወለል ላይ የስፌት መኪናው እግር አራት ጉድጓድ ትቷል፤
ሙጫው ገና ይሸታል። መደርደሪያው ላይ፣ ባለቤቱ ያልመጣለት
አንድ የግራ እግር ቡት፣ ቁጥሩ ከማሰሪያው ተንጠልጥሎ፣
በእጅ ጽሑፏ፦ «ተሠርቷል። ተከፍሏል።»

«የትኛውም» ነው የሚለው፤ እኔው ነኝ የጻፍኩት።
አምፖሉን አጠበቅሁ፤ ቡቱን ወደ መስታወቱ ጠጋ አደረግሁት።
አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ።
ሩብ ሰዓት ዘግይተናል። ይህም በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ።