ከውስጥ በኩል

ዉች ከተማ፣ ፖላንድ። የካቲት ነው፤ በረዶ።
ትራሙ ያቃስታል ሐዲዱ ላይ ከብዶ፤
ካሊና ስትገባ ከመድኃኒት ቤቷ፣
የደንበኛ ሳል ገና እየጮኸ ባናቷ፣
ጫማዋን ሳታወልቅ ጠረጴዛው ጋ ናት፤
ሦስት ሳምንት ሆኗታል ምንጣፍ ላይ መብላት።
ጠረጴዛው ተይዟል። ሰባት ቁራጭ ሱፍ
ተኝቶበታል፣ እንደ ታማሚ በሰልፍ።

ጨርቁ መጋረጃ ነበር፣ የአንድ የተዘጋ ትያትር፤
ጥቁር አረንጓዴ፣ ጫፉን ብል የበላው፣ ስምንት ሜትር።
«ለስንት መስኮት ነው?» ብሎ ሻጩ ሲመዝን በኪሎ፣
«ለአንድ ወገብ» አለችው። ዝም አለ፣ ሚዛኑ ላይ ዐይኑን ጥሎ።

ቅዱ የመቶ ሠላሳ ዓመት ነው፤ ከፊቱ ልሙጥ፣ ጌጥ የጠፋ፣
ከኋላው በሽንሽን ተይዞ፣ ታች ሲደርስ እንደ ደወል የሚሰፋ።
ብስክሌት የነዳች ሴት የምትታማበት ጊዜ፤
ካሊናን የያዛት ይኸው ያ ዘመን ነው፣ አባዜ።

የመጀመሪያው ስፌት ጠመመ። ፈታችው።
ሁለተኛው ተኮማተረ። ፈታችው።
የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እሷ ግን ምን አፍስሳ?
ክር ነው የምትለቅመው፣ በጥፍሯ፣ ደግሞ ተነሥታ፣ ደግሞ ጎንብሳ።

ኪሱን ግን በአንድ ጊዜ፣ ያለ ስሕተት ሰፋችው፤
እስከ ጉልበቷ ድረስ ጥልቅ አድርጋ ለቀቀችው።
የዛሬ ልብስ ኪሱ ለይምሰል ነው፣ አፉ የተሰፋ፤
የጥንቷ ሴት ግን ፖም፣ ቁልፍ፣ የሰው ደብዳቤ ብትከት አይጠፋ።

እህቷ ማልዊና ደወለች፦ «ይህን ሁሉ ለአንድ ምሽት?
ጥቁር ሱሪ የለሽም እንዴ?»
ካሊና አልመለሰችም። አፏ ውስጥ ስፒል ነበር፣
ጣቷ ላይ ደግሞ ተጠምጥሞ ክር።

ጠርዙ ብቻ አራት ሜትር። እሱ በእጅ ነው፣ በዘምዘማ፤
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ከፍሪጁ በቀር ድምፅ አይሰማ።
ነገ ነው ትርኢቱ። መርፌው ወጋት። ጣቷን ጠባች። ቀጠለች።
አንድ ቦታ ላይ ዐይኗ ተከደነ፤ እጇ ግን ሰፋች።

አዳራሹ ድሮ ፋብሪካ ነበር፤ ጨርቅ የተሸመነበት።
ዛሬ ሙዚቃ፣ ሰማያዊ መብራት፣ ብርጭቆ የያዘ ወጣት፤
የአንዱ ጫማ ያበራል። አንዷ ላስቲክ ለብሳለች።
ካሊና ደረጃውን፣ ጉርዷን በአንድ እጇ ሰብስባ ወጣች።
ሰባቱ ቁራጭ አንድ ሆኖ፣ ከእርምጃዋ ጥቂት ዘግይቶ፣
ይከተላታል እንደ ከባድ ውኃ፣ ወዲያ ወዲህ ተንገላቶ።
ፎቶ አነሷት። «የማን ሥራ ነው? የየትኛው ቤት?»
«የትያትር ቤት» አለች። ሳቁ። ዞሩ ወደ ሌላዋ ወይዘሪት።

ካፖርት ተቀባይዋ ግን፣ ፓኒ ጌኖቬፋ፣
ቁጥር መስጠቷን ትታ ወጣች፣ ባንኮኒውን ገፋ
አድርጋ።
እዚሁ ፎቅ ላይ ሃያ ስድስት ዓመት ሸማኔ ነበረች፤
ጆሮዋን ማሽን ወስዶታል፤ ከንፈር አይታ ትሰማለች።
ሳትጠይቅ ተንበረከከች። ጉልበቷ ቀጭ አለ።
ጠርዙን ገለበጠችው፤ ፎቶ ውስጥ የገባው እዚያ የለ።
ገበሩን፣ ቋጠሮውን፣ የታጠፈበትን መስመሩን፣
አውራ ጣቷን እያስኬደች አነበበች አራት ሜትሩን።
አንድ ቦታ ቆመች።
«እዚህ ጋ ደክሞሽ ነበር» አለች።

ካሊና ፊቷ ቀላ። «እፈታዋለሁ» አለች ከንፈሯ።
«ተዪው። ይቺን እንዳትፈቺ» አለች አሮጊቷ፣ አልተነሣችም ከሥሯ፤
«የኛም ጨርቅ እንዲህ ነበር። የሌሊት ተረኛዋን፣
ስሟን ሳይነግሩን እናውቃት ነበር፣ አይተን የላላ ክሯን።»

ከዚያ ክንዷን ይዛ ተነሣች፤ ካፖርቱን ሰቀለች፤ ቁጥሩን ሰጠቻት፦ መቶ ዐሥር።
ካሊና ኪሷ ውስጥ ለቀቀችው።
ወረደ፣ ወረደ፣
ጉልበቷን ነካ ሲያደርጋት ነው ታች መድረሱን ያወቀችው፣ ያ ትንሽ ነገር።