የአንድ ጊዜ ክፍያ

ደሴ፣ ፒያሳ ላይ፣ ከልብስ ሰፊው አጠገብ፣
ቀኝ እጄ ካሴት፣ ግራ እጄ መዝገብ፣
በአሥር አፉ ማሽን አንዱን ድምፅ ለአሥር
ስቀዳ ነው ያደግሁት፣ ከጌታው ይማም ሥር።

ክፉ ሰው አልነበረም፤ ለታመመ ያዋጣል፣
ለቅሶ ቤት ቀድሞ ሄዶ ድንኳን ይጥላል፤
ደብተር ሲከፍት ብቻ ፊቱ ይለወጣል።
«ዘፈን ማሽላ ነው» ይለኝ ነበር፣ «ስማኝ ልጅ፣
ትርፉ ማሳ ላይ አይደለም፤ ጎተራ ውስጥ ነው እንጅ።»
ባቲ ቅኝት ነው። ባቲ ገበያም ነው፣ ሰኞ ሰኞ።
ሁለቱን አንድ ላይ ያስተማረኝ እሱ ነው።

ሉባባ ከሐርቡ መጣች በጭነት መኪና፣
ሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀምጣ፣ ጉሮሮዋን በሻሽ ሸፍና።
ስቱዲዮ የምንለው የሱቁ ዕቃ ቤት ነበር፤
ግድግዳው የእንቁላል ካርቶን፣ በሩ ብርድ ልብስ፤
ውጭ አይሱዙ ጡሩምባ ሲነፋ፣ «ቆይ፣ ከላይ እንጀምር!»
መብራት ሁለቴ ጠፋ። በሦስተኛው ዘፈነች፣
ስለ አባቷ፣ ለሰው ጉድጓድ ሲቆፍር
ውሃ ጠምቶት ስለሞተው።
ግጥሙ የራሷ ነበር። ዜማውንም መንገድ ላይ፣
ሽንኩርቱ እየሸተታት ነው የጨረሰችው።

ውሉ አንድ ገጽ ነው፣ ካርቦን ከሥሩ፤
ሦስት ሺህ ብር፣ አንድ ጊዜ፤ ቀሪው ዝርዝሩ፦
«ድምፁን፣ ዜማውን፣ ግጥሙን፣ ዛሬ ባለውም ሆነ
ወደፊት በሚፈጠር ማናቸውም ማባዣ...»
ያነበብሁላት እኔ ነኝ። ስደርስ «ማናቸውም» ጋ
እሷ በሩን ታያለች፣ አይሱዙው ጥሏት እንዳይሄድ ስትሰጋ።
አውራ ጣቷ ወይን ጠጅ ሆነ። በሻሿ ጠረገችው።
የኦርጉ ተቀነሰ፣ የማሲንቆው፣ የምሳው፣
የፎቶዋ ሳይቀር፣ ሽፋኑ ላይ የምትስቀው፤
አንድ ሺህ መቶ አርባ ብር በመቀነቷ ቋጠረችው።

ማታ ሽፋኑን ስጽፍ «ግጥምና ዜማ» ጋ እጄ ቆመ።
«የሕዝብ በል» አለኝ ጋሽ ጌታው፤ «ሕዝብ መቼ ከስሶ ያውቃል?»
የሕዝብ አልሁ። ጽሕፈቴ ያምር ነበር፤ እስከ ዛሬም ይታወቃል።

ከወልድያ እስከ ሚሌ ሾፌሩ ሁሉ ገዛው።
መርሳ ላይ አንድ ጎረምሳ አባዝቶ ሲሸጥ የተያዘ ዕለት
ጋሽ ጌታው ፖሊስ ጣቢያ አለቀሰ፣ ከልቡ፣ ስቅስቅ ብሎ፤
«የሰው ላብ! የሰው ላብ!» እያለ።
ልክ ነበር። የማን ላብ እንደሆነ ጣቢያው አልጠየቀውም።
እኔም አጠገቡ ቆሜ ነበር።

ካሴት ሞተ። ጋሽ ጌታውም ሞተ፣ ደህና ቀብር ተቀበረ።
ውሉን ልጁ ሸጠው፣ አዲስ አበባ ላለ ቻናል፤
ያ «ማናቸውም» የተባለ ቃል፣ ያኔ ማናችንም ያልገባን፣
ስልክ ሆኖ ተወልዶ፣ አራት ሚሊዮን ሰው ያየዋል።
እኔ ከመናፈሻ በታች ሜሞሪ እጭናለሁ።
ማሽኑ ኮምፒዩተር ሆነ እንጅ ሥራው ያው ነው።

ባለፈው ሰኞ አንዲት ሴት ቁልፍ ስልኳን ዘረጋችልኝ፤
«የጉድጓዱን ዘፈን» አለች፣ «ሌላ አልፈልግም፤ እሱን ጫንልኝ።»
ድምፁን አወቅሁት። ስንት ሺህ ጊዜ ቀድቼዋለሁ!
እሷ ፊቴን አላወቀችውም።
ፋይሉን ፈለግሁ፤ ስሟ የለም፤ «የሕዝብ» ይላል፣ የእኔው ቃል።
ጫንሁላት። ጆሮዋ ላይ አስጠግታ ትንሽ ሰማች፣
እንደ ሰው ዕቃ በጥንቃቄ ድምፁን ቀነሰች።
«ስንት ነው?» አለችኝ።

ልናገር ነበር። ሠላሳ ዓመት ከንፈሬ ላይ ቆመ።
እጄ ግን የንግድ እጅ ነው፤ ከአፌ ቀደመ፤
አምስት ጣቴን ዘረጋሁ።
ሰጠችኝ አሥር ብር።
አምስቱን መለስሁላት።
መልሴ ይኸው ነበር።