በሞዴሉ ውስጥ በረዶ አይጥልም

ታምፔሬ ላይ፣ በጥር፣ ፀሐይ ዘግይታ
ገና ከሐይቁ ማዶ ጭጋጓን ሳትፈታ፣
እኔ ሕንፃ አቆማለሁ እግሬን አሙቄ፣
ጫማዬን በር ላይ አውልቄ።
በጣቴ ጠቅታ ዓምድ፣ በጣቴ ጠቅታ ደረጃ፤
ዘጠኝ ፎቅ ይበቅላል አንድም ላብ ሳይፈስ፣
ማንም ሳይሸከም፣ ማንም ሳይተነፍስ።

ሰውም አለኝ እዚያ፣ ግራጫ፣ ፊት አልባ፣
ሲሻኝ የሚወጣ፣ ሲሻኝ የሚገባ፤
ስም የለው፣ ልጅ የለው፣ ምሳ ዕቃ አልያዘ፣
እንደ ቆመ የፈዘዘ።

አንድ ምሽት ሰባተኛው ፎቅ ላይ አየሁ፦
ለቧንቧ ማለፊያ ቀዳዳ ትቻለሁ፣
ሜትር በሜትር የሚሆን፤ አጥር የለው ዙሪያው፤
ወለሉ ወለል ብሎ ሰው ነው የሚጠብቀው።
ግራጫውን ሰው አቆምኩት ከጠርዙ አጠገብ፣
አንድ እርምጃ ገፋሁት፣ ነገሩን ልገነዘብ።
ወደቀ።
ስክሪኑ አልደማም።
እስከ ምድር ቤት ሲወርድ ድምፅ አልተሰማም።

ያኔ በቢጫ መስመር መከላከያ ሳልኩ፣
የጣውላ ክዳን፣ የአደጋ ምልክት አስከተልኩ፣
«ሶሌታው እንደ ደረቀ፣ ከሁሉ ይህ ይቅደም» አልኩና
ተኛሁ በጤና።

ሰኞ ማለዳ ለሠራተኞቹ ግድግዳ ላይ አበራሁት፣
ፎቅ በፎቅ አዞርኩት።
«ሞት የሚያደባው እዚህ ነው፤ ይኸው አጠርኩት» አልኩኝ፤
ሄልሜታቸውን ጉልበታቸው ላይ አኑረው ዝም ብለው አዩኝ።

ኡርማስ ግን፣ ከፓርኑ የመጣው፣ ፌሮ የሚያስር፣
ሁለት ጣቱ የጎደለ፣ አርብ ማታ በመርከብ የሚሻገር፣
«ሲርካ» አለኝ፣ «ሥዕልሽ ያምራል፤ አንድ ነገር ልጠይቅ፦
እዚያ ሁልጊዜ በጋ ነው? በረዶው መቼ ነው የሚወድቅ?»

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።
እሱ አለመሳቁን ዘግይቼ አወቅሁ።

«ክዳንሽን አንስቶ ቧንቧ የሚሰቅል አለ፤
ፎም ጣል አድርጎበት ለሻይ ከኮበለለ፣
ሌሊት በረዶ ሲጥል፣ ነጭ፣ ለስላሳ፣ እኩል፣
ጉድጓዱም ወለል ይመስላል።
ኮትካ ወደብ አጠገብ፣ ከአራት ክረምት በፊት፣
ማዲስ እንዲያ ነው የረገጣት።
ቴርሞሱ ላይ ቀረ። ሻዩ ትኩስ ነበር።»

ማንም አልመለሰም።
ውጭ ክሬኑ ብቻ በነፋስ ሲያጉረመርም።

ቦቲዬን አጠለቅሁ፣ ተከትዬው ወጣሁ፣
የሳልኩትን ደረጃ ለመጀመሪያ ጊዜ በእግሬ ረገጥሁ።
ስድስተኛው ላይ ጉልበቴ ከዳኝ፤ እሱ አልጠበቀኝም።
ሰባተኛው ላይ በመጥረጊያ፣ ከዳር፣ ቀስ እያለ፣
የተኛ ሰው ላይ ብርድ ልብስ እንደሚገልጥ፣ ነጩን ገለጠ።
በረዶው ሥር ፎም ነበር። ፎሙ ሥር ምንም።
«ምንም» የሚለው ቃል እንዲህ ጥልቅ አይመስለኝም
ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሞዴሉ ላይ በረዶ ጣልኩ፤
ከዚያ ክዳኔን ሰረዝኩ።
ክዳን ይነሳል፤ ከኮንክሪቱ ጋር የተጣለ ፌሮ ግን አይነሳም።
መረቡን ቀዳዳው ላይ አሻገርኩት፤ ቧንቧ ያልፋል፣ እግር አያልፍም።
ነገ ኡርማስ ያስረዋል፣
በስምንት ጣቱ።

ግራጫውን ሰው ስም አወጣሁለት፣ ማዲስ፤
ጠርዙ ላይ አቆምኩት፤ ገፋሁት፣ ቀስ።

ቆመ።

መብራቱን አጠፋሁ። ካልሲዬ እንደ ራሰ
ወደ አውቶቡሱ ሄድኩ፣
መንገዱን በጫማዬ ጫፍ እየነካሁ።