ያልተነፋ ጎማ

ጳጉሜ አምስት ማታ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣
መብራት ጠፍቶ ነበር፤ በሻማ ጭላንጭል ተቀመጥኩ ለሥራ።
በዕድር ደረሰኝ ጀርባ፣ በሰማያዊ ቀለም፣
ጻፍኩ፦ «ከነገ ጀምሮ በሻይ ስኳር የለም።
ጨው? ለስሙ ያህል። ቁርጥ? ለዐውደ ዓመት ብቻ።
ባጃጅ? ዝናብ ሲጥል። ጠጅ? ለቅርብ ዘመድ ጋብቻ።
ንጋት ላይ ከሽምብጥ ወጥቼ፣ ጊዮርጊስ ደርሼ፣
በእግሬ፤ በዚያው በእግሬ ቤቴ ተመልሼ።»

ያለነገር አይደለም። በነሐሴ ማለቂያ፣
ሲስተር ሐመልማል ክንዴን ጠፍራ በግፊት መለኪያ፣
ቁጥሩን ሁለቴ አይታ፣ መነጽሯን አውርዳ፣
«ጋሼ፣» አለች፣ «ስኳር ደጅዎ ቆሟል፤ እንዳይዘልቅ ወደ ጓዳ።»

አንጓች ወረቀቱን በዝምታ አየችው፤
ከመሳቢያው ሌላ አወጣችና ከጎኑ አኖረችው።
የአምናው ነው። ያው ጽሕፈት፣ ያው ቀለም፣ ያው ጋብቻ፣
ያው እኔ፤ የጨመረው የቀበቶዬ ቀዳዳ ብቻ።
«ምን አደከመህ?» አለች፤ «ተጽፎ አልቆ ነበር፤
ዓመተ ምሕረቱ ብቻ ነው የሚቀየር።»

መስከረም አንድን ተዉት፤ በግ ታርዷል፤ ሰው ነኝ።
ሁለትም የቅልጥሙ ቀን ነው፤ አያስወቅሰኝ።
በሦስተኛው ንጋት ጫማዬን አስሬ
ደጅ ስደርስ ቀረሁ፤ ቆምኩኝ ተገትሬ።
የውሃ ቢሮ ሒሳብ ሹም፣ በሃምሳ ሁለት ዓመቴ፣
እጄን እያወናጨፍኩ ስዞር ምን ይላል ጎረቤቴ?
ያለጉዳይ የሚሄድ፣ በኛ ሰፈር ዳኝነት፣
ወይ በግ ጠፍቶበታል፣ ወይ ጀምሮታል እብደት።

ዐይኔ ግድግዳው ላይ አረፈ።
ብስክሌቴ! ስምንት ዓመት ተሰቅላ፣ ሁለት ጎማዋ ተንፍሶ፣
ደወሏ ዝጎ፣ ኮርቻዋን አይጥ ቀምሶ።
አወረድኳት። ጉዳይ ተገኘ፤ ጎማ ማስነፋት!
እየገፋኋት ወጣሁ፣ ሐይቁ ሲነጋበት።

«ወዴት በጧት?» — «ጎማ ላስነፋ።»
«አይ ጎማ! አይዞህ፤ ግፋ፣ ግፋ።»
ምንይችል ከዘንባባው ሥር ተቀምጧል ማልዶ፤
«ልንፋው ጋሼ?» ይላል። «አይ፣ ሰዓቱ ሄዶ…
ስመለስ።»
ስመለስ በሌላ መንገድ ነው።

ጣና በዚያ ሰዓት ቀለም የለውም ገና፤
ታንኳው ውሃ ላይ ነው፣ ወይስ በደመና?
ዓሣ አጥማጁ ጽፎ አይለጥፍም፣ «ለጤናዬ» አይልም፤
መቅዘፍ ስፖርት መሆኑን ማንም አልነገረውም።
ሳንባዬ የታጠፈ ድንኳን ነበር፣ የተረሳ፤
ከካስማ ካስማ ሲወጠር ይታወቀኛል፣ ሲነሣ።

ስኳሩ በአምስተኛው ቀን በማንኪያ ጫፍ ተመለሰ፤
ጨው መቼ እንደገባ እንጃ፤
የአጎቴ ልጅ በድንገት አገባ፤ ጠጁም በሕጉ ደረሰ።
ወረቀቱ ፈረሰ። መንገዱ ብቻ ቀረ፤
እሱ ስእለት አልነበረም፤ የጎማ ጉዳይ ነበረ።

የደመራ ዋዜማ፣ ምንይችል መንገድ ዘጋብኝ፤
«ዛሬስ አይሆንም! በነጻ ነው፣ ለመስቀል» ብሎ ነፋልኝ፤
ሁለቱንም፣ ድንጋይ እስኪመስሉ። ምን እላለሁ? «ተባረክ» አልኩ።
ጋለብኩ። ነፋሱ ደስ ሲል! በስምንት ደቂቃ ደጄ ነበርኩ።
ግንባሬን ዳበስኩት፤ ደረቅ ነው። እንደ ሌባ አፈርኩ።

ለአንጓች ነገርኳት። ሽንኩርቷን እየከተፈች፣ ዝም አለች፤
ቆይታ ወጥታ፣ ጎማውን በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ፣
«ጠንክሯል» አለች።

ሌሊት፣ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ዶሮ እንኳ ሳይነቃ፣
ከበረንዳው ሰማሁ፣ የእባብ የመሰለ፦ «ፍስስስስ…»
በመጋረጃው ቀዳዳ አየሁ፤ አንጓች ቁጢጥ ብላ፣
ነጠላዋን ተከናንባ፣ የጎማውን አፍ በፀጉር ሽቦዋ ተጭና።
የኋላውን ጨርሳ ወደ ፊተኛው ዞረች።

ተመልሼ ተኛሁ። ዐይኔን ጨፈንኩ።
«ተነሣ እንጂ!» አለች፤ «ጎማህ ተንፍሷል፤
ያ ምንይችል፣ ነፋሁ ይላል እንጂ፣ መች ይችላል?»