ቤቱ

ኮምቦልቻ፣ ማታ ነው፤ የፋብሪካው ሰርቪስ
የቀኑን ፈረቃ አራግፎ የሌሊቱን ጭኖ ሲመለስ፣
ተማሪዎቼ ይገባሉ፣ የጥጥ ብናኝ ቅንድባቸው ላይ፤
ክፍላችን አንድ አምፖል አለው፣ እሱም ደስ ሲለው የሚታይ።

የዛሬው ትምህርት ‹ሂዝ› ነው፤ ‹ኸርስ›፣ ‹ማይ› እና ‹ማይን›።
ጽፌ ዞር ስል ጠበቀኝ የሉባባ ዐይን።
«‹ሂዝ ሃውስ› ማለት?»
«ቤቱ።»
«‹ዘ ሃውስ›ስ?»
አሰብኩ።
«እሱም… ቤቱ።»
ጠመኔው ጣቴ ላይ ቀረ፤
አርባ ዓመት የተናገርኩበት አፍ ያን ማታ አፈረ።

«አብሽር፣ ጋሼ» አለች፣ «ጥፋቱ ያንተ አይደለም፤
እኔም እስከ ዛሬ ልብ ብዬው አላውቅም።
ሐርቡ ሳለሁ ቤቱን መረግኩ፤ ቤቱን ጠረግኩ፤
ክረምት ቢያፈስ ሀብሌን ሸጬ ቤቱን ቆርቆሮ አለበስኩ።
‹ቤቱ› ስል ቤቱን ነበር፣ ማገርና ጣሪያውን፤
ይማም ለካ ሲሰማ ኖሯል ሌላኛውን።
ስንፋታ ሽማግሌ ፊት፣ ‹ራሷ ስትለው ኖራ!
ቤቱ፣ ቤቱ ስትል› አለ።
የገዛ አፌ መሰከረብኝ፣ ከሦስት ሰው ጋራ።
ሰፈርተኛው ግን እኔን ሲጠራ ‹ባለቤቱ› ነበር የሚለው፤
ይቺን አንድም ሽማግሌ አልሰማት፤ ወይ ሰምቶ ነው የዘለለው።
ልጁንስ? ‹ልጁ በላ? ልጁ ተኛ?›
እስቲ ልጁ የማን ይሆን፣ በዚህ በኛ አማርኛ?»

ከኋላ ጥበቃው ጋሽ ደምሌ ጉሮሮውን ጠረገ፤
ይናገራል ብለን ስንጠብቅ የካፖርቱን ቁልፍ ፈለገ።

እኔ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ፤ ሌላ ምን ይደረጋል?
«‹ማይ› ብቻውን አይቆምም፤ ተከታይ ዕቃ ይፈልጋል፤
ቤት፣ ላም፣ ብርድ ልብስ።
‹ማይን› ግን ምንም አይከተለውም።
ነጥብ ታደርጉበታላችሁ፤ ይቆማል።»

አልጻፈችውም። በከንፈሯ ብቻ ሞከረችው፣
አንዴ ለራሷ፤ ሁለተኛውን ጮክ ብላ አለችው።

ዓርብ ደብተር ሰበሰብኩ። ተራ ቁጥር አራት፦ ‹ቤቱ›ን ተርጉሙ።
ገሚሱ ‹ሂዝ› ብሏል፣ ገሚሱ ‹ዘ›፤ ለሁለቱም ልክ ሰጠሁ።
ሉባባ ‹ማይ ሃውስ› ብላለች፤ እስክሪብቶውን ተጭና፣
ገጹ እስኪበሳ።
ስህተት ነው፤ አውቃለሁ፤ አስተማሪ ነኝና።
ቀዩን አነሳሁ፤ ክዳኑን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁ።
ማክሰኞ «ደብተሬስ?» ስትለኝ፣
«አልጨረስኩም» ብዬ ዋሸሁ።